አያ ይርሳውና የጋሪው ሳንቃ

በየደብሩ፣ ሰው በተቀመጠበት እንዲቆይ የማይፈቅድ አንድ ሰው አለ። እናንተም ታውቁታላችሁ። ለቅሶ ቤት ገብታችሁ፣ ጥግ ይዛችሁ፣ ገና እግራችሁን ሳትሰበስቡ መጥቶ በላያችሁ ይቆማል። «ቆይማ፣ እሱ ቦታ ያንተ አይደለም» ይላል። ትነሣላችሁ። ለምን እንደተነሣችሁ አታውቁትም፣ ብቻ ትነሣላችሁ። ሌላ ቦታ ያስቀምጣችሁና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ያያችኋል። ከዚያ ራሱን ነቅንቆ እንደገና ያስነሣችኋል።

ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ፣ በእነ ሸጋዬ አገር፣ ይህ ሰው አያ ይርሳው ይባላሉ። ማንም አልሾማቸውም፣ የሚሽራቸውም የለም። ሰርግ በሉት፣ ተዝካር በሉት፣ የቀበሌ ስብሰባ በሉት፣ ሰው የሚቀመጠው በእሳቸው ትእዛዝ ነው። ድግስ ያለበት ሰው መጀመሪያ ጌሾ ይገዛል፣ ቀጥሎ ለአያ ይርሳው ይነግራል፣ ዘመዶቹን የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ጊዜ ቡሬ ሊሄዱ አውቶብስ ተሳፈሩ። መኪናው ገና ከመናኸሪያ ሳይወጣ ወፍራም ወፍራሙን ሰው ግራና ቀኝ አካፈሉት። መንገድ ለሚያስመልሳት ሴትዮ መስኮት ሰጡ። ዶሮ የያዘውን ሰውዬ ከመነኩሲቷ አራቁት። ረዳቱ ተናደደ።

«አባባ፣ ትኬቱ ላይ ቁጥር አለ እኮ!»

«ቁጥሩን የጻፈው ሰው ሰዎቹን አይቷቸዋል?»

በቦታው የቀረ ሾፌሩ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ትንሽ ጠጋ አድርገውታል ይባላል።

ሌላ ቀን ከወረዳ አንድ ኃላፊ መጣና ዋርካው ሥር ስለ ማዳበሪያ ስብሰባ ጠራ። አያ ይርሳው ገና ወንበሩን ሲስብ ደረሱበት። «ጌታዬ፣ እዚህ አይቀመጡ። ከላይዎ ያለችው ወፍ ስብሰባ አትወድም።» ሰውየው ሳቀና ተቀመጠ። ስለ ዩሪያ አጠቃቀም ሦስተኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ ወፊቱ አስተያየቷን ወረቀቱ ላይ ጣለች። ኃላፊው ቀና ሲል አያ ይርሳው ሌላ ወንበር ጠርገው፣ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁት ነበር።

ሸጋዬ ይህን ሁሉ ትስቅበታለች። የማትስቅበት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም እሷን የሚያስቀምጡበት ቦታ።

ሸጋዬ ሸክላ ሠሪ ናት። ወንዝ ዳር ባለው በታች ሰፈር የሚኖሩት ሁሉ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። የላይ ሰፈሮች ደግሞ ገበሬዎች ናቸው። በሁለቱ መካከል አንድ አቀበት አለ። ከአቀበቱ ሌላም ነገር አለ፦ ገበሬው የሸክላ ሠሪ ዓይን ይፈራል። እንስራውን ከሸጋዬ ይገዛል፣ ልጁን ግን ከሸጋዬ ልጅ ጎን አያስቀምጥም። ልጁ ትኩሳት ከያዘው በዚያ ሳምንት በደጁ ያለፈችው ሸክላ ሠሪ ማን እንደነበረች ይጠይቃል። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል፣ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን የለም።

አያ ይርሳው ደግሞ መናገር አያስፈልጋቸውም። ያስቀምጣሉ። ሸጋዬ ድግስ ተጠርታ ገና ብቅ ስትል እየሮጡ ይቀበሏታል።

«ነይ ልጄ፣ ነፋሻ ቦታ ይዤልሻለሁ!»

ነፋሻው ቦታ ከዳሱ ጀርባ ነው፣ ከማገዶው ክምር አጠገብ። ሃያ ዓመት ሙሉ ነፋሻ። የሚገርመው፣ ዳሱ መሃል ጠላ ሞልቶ የተገተረው ጋን የሸጋዬ እጅ ሥራ ነው። እሱንም ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። ጋኗ ከቄሱ አጠገብ፣ እሷ ከማገዶው አጠገብ። አንድ ተዝካር ላይ አላስችል ብሏት፣

«አያ ይርሳው፣ ከጋኔ ጋር ቦታ ብንለዋወጥስ?» አለቻቸው።

አያ ይርሳው ቆመው አሰቡበት። ቀልድ መሆኑን አላወቁም። ጋኑን አዩ፣ ማገዶውን አዩ። «አይሆንም ልጄ» አሉ። «ጋኑን እዚህ ነፋስ ይመታዋል።»

ክፋት የለባቸውም። ሸጋዬን የሚያንገበግባት ይሄ ነው። ክፉ ቢሆኑ ጠልታቸው ታርፍ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. መስከረም ነገር ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ የታች ሰፈር ልጆች ወንዝ ዳር በተጣለች ዳስ ውስጥ ለብቻቸው ይማሩ ነበር። ቀበሌው ለብቻ መማር ይቅር አለ። የታቹም የላዩም ልጅ ከተማው ዳር ባለው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ገብቶ ይማር ተባለ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ በጋሪ ይመላለሱ ተባለ። ዳኘው የሚባል ባለጋሪ ተገኘ፣ የጭነት ጋሪው ላይ ሦስት ሳንቃ ተመታ፣ ፊት፣ መሃልና ኋላ። ጋሪው ከታች ስድስት ልጅ ይጭናል፣ አቀበቱን ወጥቶ ከላይ ስድስት ይጨምራል፣ ከዚያ ወደ ፍኖተ ሰላም።

ስብሰባው ላይ የላይ ሰፈሩ ወንዳወቅ ተነሣ። ወንዳወቅ ብዙ ከብትና ትልቅ ድምፅ ያለው ገበሬ ነው። ሁለት ልጆቹ በዚያው ጋሪ ሊሄዱ ነው።

«መማሩን ይማሩ፣ እኔ መንግሥት አልቃወምም» አለ። «እኔ የምለው አብሮ መቀመጡን ነው። ልጅ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ዓይን ይገባዋል።»

ሰዉ አጉረመረመ። በመጨረሻ የፊቱና የመሃሉ ሳንቃ ለላዮቹ፣ የኋላው ሳንቃ ለታቾቹ ይሁን ተባለ። አስቀማጩ ማን ይሁን ብሎ የጠየቀ የለም። አንገት ሁሉ ወደ አያ ይርሳው ዞረ። እሳቸው ዋርካው ሥር ሁለት ሽማግሌ እያቀያየሩ ነበር።

ሸጋዬ ቤቷ ገብታ ልጇን እንቁን ጠራቻት። እንቁ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ አምስተኛ ክፍል ገብታለች። ከሸክላ ይልቅ ደብተር የምትወድ ልጅ ናት፣ ጭቃ ስታቦካ እንኳ በጣቷ ቁጥር ትጽፍበታለች።

«ስሚኝ» አለቻት። «እኔ በልጅነቴ ትምህርት ቤት ሦስት ወር ሄጃለሁ። በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ለብቻዬ አስቀመጡኝ። ፊደሉን ሳልለይ ቦታዬን ለየሁ። ያን ትምህርት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አንቺ እሱን ተምረሽ እንድትመጪ አልፈልግም። ኋላ ካስቀመጡሽ ትቀሪያለሽ።»

«እማ፣ ኋላ ሆኜስ ብማር?»

«ጭቃው አለልሽ አልኩ።»

የመጀመሪያው ቀን ማለዳ ሸጋዬ ደጇ ላይ ቆማ ታያለች። አያ ይርሳው ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ታጥቀው፣ እንደ ሰርግ ቀን ተዘጋጅተው መጥተዋል። ስድስቱን ልጆች ኋላ ሳንቃ ላይ ጠቀጠቋቸው፣ ሁለቱ በሌሎቹ ጭን ላይ ወጡ። ሁለቱ የፊት ሳንቃዎች ባዶ ናቸው። ተጠርገዋል፣ ጨርቅም ተነጥፎባቸዋል። አንድ ልጅ እግሩን ወደ መሃሉ ሳንቃ ቢዘረጋ «ቆይማ፣ እሱ ቦታ ያንተ አይደለም» ብለው መለሱት።

ዳኘው «አያ ይርሳው፣ ጭነቱ ወደ ኋላ በዛ» አለ።

«አንተ ፈረስህን ንዳ።»

አቀበቱ ላይ ሲደርሱ በፈረሱ ግራና ቀኝ የሚሄዱት ሁለት እንጨቶች ወደ ሰማይ መነሣት ጀመሩ። የሆዱ ጠፍር ፈረሱን ይዞት ተነሣ። ፈረሱ በፊት እግሮቹ አየር ይቧጥጣል፣ ዳኘው እንጨቱን አውርዳለሁ ብሎ ተንጠልጥሎበት እግሩ ይወራጫል። ጋሪው በቂጡ ቁጭ አለ። ስድስቱ ልጆች እንደ እህል ጭቃው ላይ ተዘረገፉ።

አንድም የተጎዳ አልነበረም። ጩኸቱ ግን ላይ ሰፈር ድረስ ተሰማ።

«ምን አድርገው ነው!» ዳኘው ይጮሃል። «ባዶ ሳንቃ ለማን ይዘው ነው?»

«ለላዮቹ» አሉ አያ ይርሳው። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ላዮቹ እኮ ገና የሉም!»

«ቦታቸው ግን አለ።»

ሸጋዬ ሮጣ ደረሰች። እንቁን ከጭቃው አነሣቻት፣ ደብተሯን ከፈረሱ እግር ሥር ሳበችና እጇን ይዛ ወደ ቤት ጎተተቻት። እንቁ እያለቀሰች «እማ፣ እኔ አልቀረሁም፣ ወደቅሁ እንጂ!» አለች። ሸጋዬ ግን መጎተቷን አላቆመችም።

ቀትር ላይ አያ ይርሳው በታች ሰፈር አጥር ጥግ ታዩ። በዕድሜያቸው ሸክላ ሠሪ ግቢ ገብተው አያውቁም። አጥሩን ይዘው ይወዛወዛሉ፣ አንዴ ይርቃሉ፣ አንዴ ይጠጋሉ። ሸጋዬ ይቅርታ ሊጠይቁ ነው ብላ ፊቷን አጠቆረች።

«ልጄ» አሉ። «ቡሬ ገበያ ዕቃ ስትልኪ በጋሪ ነው አይደል? ተሰብሮብሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ያን ሁሉ መንገድ? አንድም?»

«አንድም።»

«እንዴት ነው የምትደረድሪው?»

እሷ ሃያ ዓመት የጠበቀችው ሌላ ጥያቄ ነበር። እሳቸው ግን እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ዓይናቸው ቀልቷል። አንድ ጊዜ አስቀምጠው ስለተሳሳቱ ምድር የከዳቻቸው መስለዋል።

«ይግቡ» አለቻቸው።

ገብተው በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ሸጋዬ እጇን አነሣች። «ቆይማ አያ ይርሳው፣ እሱ ቦታ የእርስዎ አይደለም።» ወስዳ ከማገዶው ክምር አጠገብ አስቀመጠቻቸው። «ነፋሻ ነው» አለቻቸው።

አያ ይርሳው ተቀመጡ። ግራ ቀኛቸውን አዩ። ማገዶውን አዩ። «ምንም ነፋስ የለም» አሉ ቀስ ብለው።

«የለም» አለች ሸጋዬ። «ኖሮም አያውቅ።»

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተነጋገሩም። ሸጋዬ እንስራና ድስት ይዛ መጣች፣ ገለባ አነጠፈች፣ አሳየቻቸው።

«ትልቅና ትልቅ ጎን ለጎን ካደረጉ ይጋጫሉ፣ ሁለቱም ይሰነጠቃሉ። ትልቁን ከትንሹ ያድርጉ። ክብደቱ ጎማው ላይ ይረፍ፣ ትንሽ ብቻ ወደ ፊት ይበል። ባዶ ቦታ አይተዉ። ዕቃ ሲሰበርብን ያየሁት መሃሉ ባዶ ሲተው ነው።»

«የማን ዕቃ ከማን ዕቃ ጋር እንደሆነስ?»

«እሱን ጋሪው አያውቀውም።»

አያ ይርሳው ተነሡ። እጃቸው በአየር ላይ የማይታዩ ልጆች ያነሣል ይጥላል። «ነገ ላኪያት» አሉ።

«ኋላ የምትቀመጥ ከሆነ አልልክም።»

«ኋላም ልትሆን ትችላለች፣ ፊትም ልትሆን ትችላለች። እኔ የምፈልገው ኪሎዋን ነው።»

በዚያው ከሰዓት ከአንድ እህል ነጋዴ የሚንጠለጠል ሚዛን ተዋሱ። የታቹንም የላዩንም ልጅ አንድ በአንድ ጆንያ ውስጥ እየከተቱ ዛፍ ላይ ሰቅለው መዘኑ። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። «ደግመው ይመዝኑኝ!» የሚል ሰልፍ ሆነ። አያ ይርሳው አይጽፉም፣ የአሥራ ሁለቱንም ልጅ ክብደት በቃላቸው ያዙ።

በማግሥቱ ላይ ሰፈር ሲደርሱ እንቁ የፊቱ ሳንቃ ላይ ነበረች። አያ ይርሳው የወንዳወቅን ትንሹን ልጅ ብድግ አድርገው አጠገቧ አስቀመጡት። ወንዳወቅ እርሻ ሊወርድ ሲል አየ።

«አያ ይርሳው! ምንድን ነው ይሄ?»

«ሚዛን።»

«ልጄን ከማን ጎን እንዳስቀመጡት ያያሉ?»

«ሃያ ሁለት ኪሎ ከሠላሳ አንድ ኪሎ ጎን።»

«እኔ ኪሎ አላወራሁም!»

«ፈረሱ ሌላ ነገር አያወራም። ትናንት የተናገረውን ሰምተሃል። ከፈለግህ ጠይቀው።»

ሰው ሁሉ ወደ ፈረሱ ዞረ። ፈረሱ ሳር ያኝካል። አንዲት ሴትዮ ሳቋ አመለጣት። ወንዳወቅ ፊቱ ደም መስሎ ሁለቱንም ልጆቹን ከጋሪው አወረዳቸው። አያ ይርሳው ወዲያው የቀሩትን አሥር ልጆች እንደገና ደለደሏቸው፣ ጋሪው ላይ ባዶ ቦታ ቢፈለግ አይገኝም።

«በጥር ልጄን ስድር እንተያያለን!» አለ ወንዳወቅ። «አስቀማጭ በአገሩ ሞልቷል! ዳሴ ውስጥ እንዳላይዎት!»

ይህ ለአያ ይርሳው፣ ሌላውን ሰው ከርስቱ እንደ መንቀል ነው። እሳቸው ግን የአንድ ልጅ እግር አስተካከሉና «ንዳ» አሉት ዳኘውን።

የወንዳወቅ ልጆች ሦስት ሳምንት ከጋሪው ኋላ በእግራቸው ተጓዙ። ዳኘው በየቀኑ ላይ ሰፈር ሲደርስ ጠፍር ላጠብቅ ብሎ ይወርዳል፣ በየቀኑም ልጆቹን በዓይኑ እየጠራ ጠፍሩ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። አንድ ቀን ዝናብ ሲያካፋ ትንሹ ልጅ ራሱ ወጣና እንቁ አጠገብ ተቀመጠ። ታላቁም ተከተለው። አያ ይርሳው ትንሹን በክንዳቸው ብድግ አድርገው መዘኑት። «ሃያ አንድ። መንገዱ አንድ ኪሎ በልቶበታል» አሉና መልሰው እዚያው አስቀመጡት። ወንዳወቅ ከማሳው አየ። አይቶም እንዳላየ ሆነ። የታመመ ልጅ የለም፣ ከእንቁ የተጋባበት ነገር ቢኖር የማባዛት ሰንጠረዥ ብቻ ነው።

የሰርጉን ነገር ግን ወንዳወቅ አልረሳም። ጥር መጣ። እሑድ ከላይ ሰፈር ከበሮው መጉረምረም ሲጀምር አያ ይርሳው ሸጋዬ ግቢ ገቡ። ምክንያታቸው እንቁ ሳትወፍር አልቀረችም፣ የሰኞውን አቀማመጥ እንነጋገር የሚል ነበር። እንቁ ጥላው ሥር ደብተሯን ዘርግታለች። ሸጋዬ እጇ ጭቃ ውስጥ ነው። አያ ይርሳው ከበሮው ሲመታ ይነሣሉ፣ ሲያርፍ ይቀመጣሉ፣ እንደገና ይነሣሉ።

ዳኘው ጋሪውን እያበረረ ወረደ።

«አያ ይርሳው፣ ይድረሱ! ሰዉ ተደበላልቋል! ቄሱን ከከበሮው አጠገብ አስቀምጠዋቸው ጆሯቸውን ይዘዋል። የሙሽራዋ አባት ጀርባውን ለሙሽራው ሰጥቷል። እነዚያ በድንበር የተጣሉት ሁለት ወንድማማቾች ፊት ለፊት ናቸው፣ ታላቁ ዱላውን ጭኑ ላይ አድርጓል። ወንዳወቅ ይምጡልኝ ብሏል።»

አያ ይርሳው ጋቢያቸውን አንሥተው በሩ ላይ ደርሰዋል።

«ግን...» አለ ዳኘው። ወደ እንቁ እያየ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር አለ። ያቺ ልጅ ከነገ ጀምሮ ወደ ኋላ ሳንቃ ትመለስ ብሏል። እሷ ብቻ። አማቾቹ ሰምተው ሽሙጥ ጣል አድርገውበታል። እሺ ካሉ ዳሱ የእርስዎ ነው፣ የዛሬውም የወደፊቱም።»

እንቁ እርሳሷን አቆመች። ሸጋዬ እጇን ከጭቃው አላወጣችም። ያቺን «ትቀሪያለሽ» ያለቻትን ቃል እሷም ልጇም አልረሷትም።

አያ ይርሳው ከበሩ ተመለሱ። ወደ በሩ ሄዱ። እንደገና ተመለሱ።

«ፊት ለፊት ነው ያልከኝ? ሁለቱ ወንድማማቾች?»

«ፊት ለፊት።»

አያ ይርሳው ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው አቃሰቱ። ከዚያ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉት።

«ለወንዳወቅ እንዲህ በለው። ቄሱን ወደ ምሰሶው ያምጣቸው። የሙሽራዋን አባት ከነአግዳሚው ያዙረው። ወንድማማቾቹን አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ያጣብቃቸው። ጎን ለጎን ሆኖ ዱላ መሰንዘሪያ የለም። የእንቁ ቦታ ግን በሚዛን ተሰጥቷል፣ በድግስ አይነሣም በለው።»

«አይመጡም ማለት ነው?»

«ሰው ሳይፈነከት ሂድ እንጂ!»

ዳኘው ሄደ። እንቁ የማካፈል ሒሳቧን ቀጠለች። ከላይ ከበሮው ብቻ ይሰማል። አያ ይርሳው እጃቸው ሥራ ፈታ። ዙሪያውን ቃኙ። ጥላው ውስጥ ዛሬ ጠዋት ያለቁ ዘጠኝ ድስቶች ገና እርጥብ እንደሆኑ ተደርድረዋል። «ቆይማ» አሉ። «እነዚህስ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አንድ በአንድ እያነሡ ፀሐዩ መሃል፣ በቀጥታ መስመር፣ እንደ እንግዳ ደረደሯቸው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው አዩ። የመጨረሻዋን ትንሽ አዞሯት። ፊታቸው በራ።

«አሁን ቦታቸውን ያዙ» አሉ።

እርጥብ ሸክላ በጥር ፀሐይ ከዋለ እስከ ማታ ተሰነጣጥቆ ያልቃል።

«እማ፣ ፀሐዩ እኮ...» አለች እንቁ።

«ዝም ብለሽ አጥኚ» አለች ሸጋዬ። «እግዜር ይስጥልኝ አያ ይርሳው፣ እንዲህ ሲሆኑ አማረባቸው።»

እስከ በሩ ሸኘቻቸው። አያ ይርሳው አቀበቱን ቀስ ብለው ወጡ። ከበሮው ሲመታ ይቆማሉ፣ ያዳምጣሉ፣ በእጃቸው አየሩ ላይ አንድ ሰው ከአንድ ቦታ አንሥተው ሌላ ቦታ ያኖራሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ። ሁለት ጊዜም ዞረው ድስቶቹን አዩ። ሸጋዬ ሁለቱንም ጊዜ እጇን አውለበለበችላቸው። ነጩ ጋቢ ከጉብታው ኋላ ፈጽሞ እስኪጠፋ ንቅንቅ አላለችም።

ሲጠፋ «ሩጪ!» አለች። እናትና ልጅ እየተጋፉ፣ እየሳቁ፣ ዘጠኙንም ድስት ወደ ጥላው መለሱ።